አርባ ቀን ያለ ቡና

ቄስ ገብረየስ ቡናን የሚጠሉት ቀምሰውት ስላልጣማቸው አልነበረም፤ ጨርሶ ቀምሰውት አያውቁም። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ሲቆጥሩ፣ መምህራቸው ቡና የጠጣ ተማሪ ከጉባኤያቸው እንዲወጣ አዝዘው ነበርና ያ ትእዛዝ ከአጥንታቸው ገብቶ ቀረ። ሰበታ መጥተው በደብሩ ማገልገል ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ካህናቱ ሳይቀሩ ቡና ለመዱ፤ ከቅዳሴ መልስ በየቤቱ ሲኒ ሲዞር ውኃ የሚለምኑት እርሳቸው ብቻ ሆኑ። ቀድሞ ሰውን ሲከለክሉ ምክንያታቸው «የአባቶቻችን ልማድ አይደለም» የሚል ነበር። ዘመኑ ተለውጦ ይህን የሚሰማ ሲጠፋ ክልከላቸውን አልተዉም፤ ምክንያቱን ለወጡት። ቡና ጤና ይነሣል ማለት ጀመሩ።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሞተው የሰፈሩ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ካሳሁን ሲኒውን እንደያዘ ወደ እርሳቸው ዞረ።

«አባ፣ ዛሬም ውኃ ነው?»

«አንድ ቀን ብተወው ራሴን የሚፈልጠኝን ነገር አልጠጣም።»

«በቀን ሁለት ሲኒ ማንንም አልጎዳም። ያነቃል፣ የበሉትንም ያንሸራሽራል። እኔ ከራሴ አይደለም የምናገረው፤ በተማርንበት መጽሐፍ ያለውን ነው።»

«እኔም መጽሐፍ አላጣሁም። ለዚህ ግን መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ካሳሁን ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ፣ ለሚያስተውል ሰው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ዛሬ ስንት ሲኒ ጠጣህ?»

«እ... ለቅሶ ቤት አይደል? አምስት ቢሆን ነው።»

«እንግዲህ ይህ እጅ ነው መርፌ የሚወጋን» አሉ ቄስ ገብረየስ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

ሐዘንተኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ካሳሁን ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቡና ጉዳይ የሁለት ሰዎች የክብር ጉዳይ ሆነ፤ ሰበታም ለሁለት ተከፍላ ማን እንደሚረታ ትጠብቅ ጀመር።

በዚያ ድንኳን ውስጥ ከሳቁት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ነበረች። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ የላትም። የምትተዳደረው የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ የሚያዝዟት ሴቶች ነበሩ፤ ክሩ ከክር ጋር የተገናኘበትን ቦታ በጣት ዳስሶ ማግኘት አይቻልም ይሉላታል። ቄስ ገብረየስ የነፍስ አባቷ ናቸው። ከነፍስ ልጆቻቸው ሁሉ እንደ እርሷ ያለ ታዛዥ የለም ነበር፤ ይህንንም እርሳቸው ያውቁት ነበር።

መስቀል በዋለ በዘጠነኛው ቀን ልትናዘዝ መጣች።

«አባቴ፣ በፍልሰታ ጾም ሦስት ቀን ያህል ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቡና ጠጥቻለሁ።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«ራሴን እያመመኝ ነው። ግንባሬን፣ ከዓይኔም በላይ እንደ ወስፌ ይወጋኛል። ቡናው ሲኖር ቀለል የሚልልኝ ይመስለኛል።»

ስለ ግንባሯና ስለ ዓይኗ የተናገረችው በጆሯቸው አልፎ ሄደ፤ የቀረው ስለ ቡናው የተናገረችው ብቻ ነበር። በዓይነ ሕሊናቸው የካሳሁንን የሚንቀጠቀጡ ጣቶች አዩ።

«እንግዲህ አየሽ? ጌታሽ አድርገሽዋል። ሲጠፋ ይቀጣሻል፣ ሲመጣ ያባብልሻል፤ ጾምሽንም አስፈታሽ። በይ፣ የጽጌ ጊዜ ነውና ከዛሬ ጀምሮ አርባ ቀን ቡና በአፍሽ አይግባ። በየቀኑም አርባ አንድ ስግደት ትሰግጃለሽ። ቀኖና ምስጢር ስለ ሆነ ለምን ተውሽው ቢሉሽ ለማንም አትንገሪ።»

«እሺ አባቴ» አለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ራሷን አጥብቆ አመማት። ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥታ በነገረቻቸው ጊዜ አልደነቃቸውም። ቡና ያስተዉት ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ራሱን ይዞ ይመጣል፣ በሳምንቱ ለቆት ያመሰግናቸዋል። «በሰባት ቀን ይለቅሻል» አሏት።

ሰባት ቀን አለፈ። ዐሥር ቀንም አለፈ። ስትሰግድ ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር ዓይኗ ከጉድጓዱ የሚወጣ ይመስላት ነበር። መርፌዋ ላይ ክር ለመሰካት ሦስት አራት ጊዜ ትሞክራለች። ጎረቤቷ ገለቴ፣ ወተት እየሸጠች የምትኖር የዚያው የሰበታ አገር ተወላጅ፣ አንድ ቀን ጠዋት ራሷን በሻሽ ጠፍራ ተኝታ አገኘቻት።

«ቡና ላፍላልሽ?»

«አላሰኘኝም።»

«አንቺን? ቡና? ወይ ጉድ። ተነሺ፣ ወደ ካሳሁን እንሂድ።»

ካሳሁን የስንዱን ክንድ ይዞ የልቧን ምት ቆጠረ፤ ከዚያ መቼ ጀምሮ እንዳመማት ጠየቃት። ገለቴ ቀድማ «ቡና ከተወች ወዲህ ብሶባታል» አለች። ካሳሁንም ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ቡና ትተሽ ነዋ። ሁለት ሲኒ ጠጪና ነገ ንገሪኝ» ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ አሰናበታት። ከሰዓት በኋላ ለመጣው በሽተኛ ሁሉ ይህን እየደጋገመ አወራ፤ የአባ ገብረየስን ምክር የሰማች አንዲት ሴት ራሷን ታቅፋ ትዞራለች እያለ። ወሬው ሲመሽ ቄስ ገብረየስ ዘንድ ደረሰ። ቀኖናውን ለማቅለል አስበው ከነበረ እንኳ ያን ምሽት ተዉት።

ስንዱ ክኒኑን ዋጠች። ቡናውን አልጠጣችም።

ጥቅምት ዐሥራ አራት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቆይታ አነጋገረቻቸው። ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ ግን እንደ ፈራ ሰው ሳይሆን አንዳች ነገር እንዳደነቀው ሰው ነበር የምትናገረው።

«አባቴ፣ ማታ ማታ ኩራዙን ሳበራ በዙሪያው ቀለበት ይታየኛል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ልክ እንደ ማርያም መቀነት። መጀመሪያ ጭሱ መስሎኝ ነበር፤ በቤተ መቅደሱም ሻማ ዙሪያ ዛሬ አየሁት።»

ቄስ ገብረየስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ የተሰጠውን የምሕረት ምልክት፣ ቀስተ ደመናውን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትርጓሜ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ምልክት የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። አሁን ይህች ድኻ ጠላፊ፣ እርሳቸው በሰጧት ቀኖና ውስጥ፣ በመቅደሱ ሻማ ዙሪያ አየችው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ይህ የኪዳን ምልክት ነው። ንስሐሽ ደርሷል። ለማንም እንዳትናገሪ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ውዳሴ ከንቱ ይወስደዋል። በርቺ፣ ግማሹን ልትጨርሺ ነው።»

«ሕመሙስ?»

«ሕመሙ ዋጋው ነው።»

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መንገዱ ቀለላቸው። ያን ሳምንት ለካሳሁን እንኳ ቀድመው ሰላምታ ሰጡት፤ ካሳሁን ምን እንዳገኛቸው ገርሞት ቆሞ አያቸው።

ከዚያ በኋላ ሱሉልታ የሚኖሩ ዘመዳቸው ተዝካር ስለ ነበረባቸው ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን ሄዱ፤ እዚያም ሦስት ቀን ሰነበቱ። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ሰበታ ሲደርሱ ገለቴ የግቢያቸውን በር ተደግፋ ቆማ አገኟት።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ አባ። የሱሉልታ ጠላ ጥሩ ነበር?»

«ምን ሆነሻል ገለቴ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። የነፍስ ልጅዎ ግን ከሄዱ ጀምሮ ስታስመልስ ነው የሰነበተችው። ዓይኗ ደም መስሏል። አዲስ አበባ ልውሰድሽ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አባ ሳይፈቅዱልኝ ከዚህ አልነቃነቅም፣ የያዝኩት ነገር አለ አለችኝ። ምን እንደ ያዘች እኔ አላውቅም፤ አንቱ ታውቃላችሁ። እንዴት ነው፣ ትፈቅዳላችሁ?»

ወደ ስንዱ ቤት ቀድመዋት ሄዱ። ስንዱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ገለቴ፣ አባ መጡ መሰለኝ። ምነው ዛሬ መስኮቱን ዘግተሽ ዋልሽ? ክፈችላቸው እንጂ።»

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የረፋዱ ፀሐይ በአልጋዋ ላይ፣ በእጇም ላይ፣ በተጀመረው ቀሚስ ላይ ወርዷል።

በዚያ ሰዓት የሚገኝ አውቶቡስ አልነበረም። ከጅማ ቡና ጭኖ የሚመጣ ካሚዮን አስቁመው ሾፌሩን ለመኑትና ስንዱን በጆንያዎቹ ላይ አስተኟት። ቄስ ገብረየስም አጠገቧ ተቀምጠው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያን የሚጠሉትን ሽታ እየሳቡ ሄዱ። ዓለም ገናን ሲያልፉ ስንዱ «አባቴ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀኔ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሠላሳ አንደኛው ነበር። እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሐኪሙ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። የስንዱን የዓይን ቆብ አስጨፍኖ በሁለት ጣቱ ዓይኖቿን ቀስ ብሎ ጫን ጫን አደረገ፤ ከዚያ ብርሃን ወደ ዓይኗ እያበራ ደጋግሞ ተመለከተ።

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት በመብራት ዙሪያ ቀለማት ያሉት ቀለበት ታዪ ነበር?»

ስንዱ ፊቷን ቄስ ገብረየስ ወደ ቆሙበት አቅጣጫ አዞረች፤ የማታየው ዓይኗ ከእርሳቸው ትከሻ በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ አረፈ።

«አላየሁም» አለች።

ሐኪሙ ሊጽፍ ጎንበስ አለ። ቄስ ገብረየስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ተዘግቶ ይቀር ነበር፤ እርሷ ዘግታላቸዋለች።

«አይታለች» አሉ።

«መቼ?»

«ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።»

«ለእርስዎ ማን ነገረዎ?»

«ራሷ።»

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። ወደ መተላለፊያው ይዟቸው ወጣና በዓይን ውስጥ ያለው ውኃ መውጫው ሲዘጋበት ዓይኑን ከውስጥ እንደሚጫነው፣ ግፊቱም የዓይንን ሥር እንደሚገድል፣ የሚወጋው የራስ ምታትና በመብራት ዙሪያ የሚታየው ቀለም ዋና ምልክቶቹ እንደ ሆኑ አስረዳቸው። «ቀለበቱን ባየችበት ሳምንት አምጥተዋት ቢሆን...» ብሎ ጀመረና ልብሳቸውን አይቶ ተወው።

«ዶክተር» አሉ፣ «ይህን ያመጣባት ቡና ይሆን? ለብዙ ዓመት በየቀኑ ትጠጣ ነበር።»

ተስፋ በድምፃቸው ውስጥ መኖሩን ራሳቸው ሰሙት።

«ቡና?» አለ ሐኪሙ፣ የሰማውን እንደ ተጠራጠረ ሰው። «ቡና ሲበዛ እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብ ያስመታል። በልክ ከጠጡት ጤነኛን ሰው አይጎዳም። ሲተዉት ራስ ያማል፣ እርሱም በሳምንት ይለቃል። በሳምንት ያልለቀቀ ሌላ ነገር ነው። የዚች ሴት ሕመም ግን ብትጠጣም ባትጠጣም ይመጣባት ነበር። ያጠፋት የባከነው ቀን ነው።»

ለሁለቱም ዓይኖቿ ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝታ ስትወጣ ግራው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ ቀኙ ቀንና ሌሊትን ብቻ ይለያል። የተጀመረውን ቀሚስ ገለቴ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ስንዱ ሆስፒታል ሳለች ሰበታ የራሷን ፍርድ ሰጥታ ነበር። ቡና አሳወራት ተባለ። አባ ገብረየስ በድንኳን ውስጥ አስቀድመው ተናግረው አልነበረምን? በሚካኤል ማኅበር ሴቶቹ ተነጋግረው ቡናን ከድግሱ አወጡት። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ለመሳለም የሚመጣው ሰው በዛ፤ «አባ፣ እኔም ትቻለሁ፣ ይጸልዩልኝ» የሚል ድምፅ በየቀኑ ይሰሙ ነበር። አንድ ጊዜም «አይደለም» አላሉም። የንስሐ ነገር ምስጢር ነው፤ ካህን ምስጢር አያወጣም። ይህን ለራሳቸው በቀን ብዙ ጊዜ ይናገሩ ነበር።

ካሳሁን ግን ተናገረ። ስንዱ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ገበያ መካከል ቆሞ፣ ሴቲቱ መጥታለት እንደ ነበረ፣ የዓይኗን ቆብ ገልጦ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ እንደ ነበረ፣ እርሱ ግን ሰው ለመርታት ሲል ቡና ጠጪ ብሎ እንደ ሰደዳት ለሕዝቡ ነገረ። ከገበያው መልስ ቄስ ገብረየስን መንገድ ላይ አገኛቸው።

«እኔ የእኔን ድርሻ ተናግሬያለሁ፣ አባ። የእርስዎ እንዳለ ገለቴ ነግራኛለች፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላውቅም» ብሎ አለፈ።

በማግስቱ ክሊኒኩ በር ላይ ሰው አልነበረም።

ቄስ ገብረየስ ስንዱን ሊጠይቁ ሄዱ። እርሷም ብዙ አላስጠበቀቻቸውም።

«አባቴ፣ ቡና አሳወራት ይላሉ አሉ።»

«እሰማለሁ።»

«ዝም ይላሉ?»

«የንስሐ ምስጢር ነው፣ ልጄ። እንዴት አድርጌ...»

«ምስጢሩ የእኔ ነው። እኔ ፈቅጄልዎታለሁ። በጽዮን ዕለት ሕዝቡ ሲሰበሰብ ይናገሩት። የእኔስ አለቀ፤ ግን ራሷን እንዲህ የሚያማት ሌላ ሴት ብትኖር ቡናዋን ትታ እቤቷ እንዳትቀመጥ ነው። ቀለበቱንም ይንገሯቸው። ኪዳን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«እናገራለሁ» አሉ። በዚያች ሰዓት ከልባቸው ነበር።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ስንዱ በገለቴ ክንድ ተመርታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። የደብሩ አለቃ ቄስ ገብረየስን ለስብከት ሲጋብዙ፣ «ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ ያየ መምህር» አሏቸው። ሕዝቡ እልል አለ። እርሳቸው ወደ ፊት ወጡ። ዐረፍተ ነገሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠኑት አድረዋል፤ «ይህችን ሴት ያሳወርኳት እኔ ነኝ» የሚል ነበር። ያን ሁሉ ፊት አዩ። ካሳሁን ከዋርካው ሥር ብቻውን ቆሞ፣ ሰው ፈቀቅ ብሎለት፣ ሲመለከታቸው አዩ።

ስለ ጽዮን ሰበኩ። በመጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁሉም ነገር በመጠን መልካም እንደ ሆነ፣ የታመመም ሰው ሐኪም መጠየቁ እንደማይከለከል ተናገሩ። ሕዝቡ አሜን ብሎ ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስንዱ ቤት ሲገቡ ገለቴ አልተነሣችላቸውም።

«ተናገርኩ» አሉ።

«ሰማሁ፣ አባ። የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደኅና ነው።»

ሲቀመጡ የአልጋው ጠርዝ ጮኸ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር» አለች ስንዱ። «ወደ ሌላ የነፍስ አባት ያሰናብቱኝ። ቡራዩ ያለው የአባቴ ወንድም ልጅ ቄስ ነው፤ እሺ ብሎኛል።»

«ምክንያቱን ቢጠይቅሽስ?»

«እነግረዋለሁ። ለእርሱ መናገር አይከብደኝም።»

የነፍስ ልጅ ስትሰናበት የሚባለውን እየተቆራረጠባቸው አሉት፤ ባርከዋት «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ጨረሱ።

«እርስዎንስ ማን ይፍታዎ?» አለች ስንዱ። በድምፅዋ ውስጥ ስድብ አልነበረም፤ እንደ ሁልጊዜው ያላወቀችውን ነገር መጠየቋ ነበር። ከዚያም ፊቷን ወደ ገለቴ መለሰች።

ወጥተው ጥቂት እንደ ሄዱ ማሪቱ የምትባል ጠላ ሻጭ ከበሯ ወጥታ አስቆመቻቸው። ራሷን በጨርቅ ጠፍራ አስራለች።

«አባ፣ ቡናውን ከተውኩ ዛሬ ሁለት ሳምንት ሞላኝ። ራሴ ግን ሊፈነዳ ነው። በሰባት ቀን ይለቃል ብለው አልነበረም?»

«ማሪቱ፣ ወደ ካሳሁን ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ።»

«ወደዚያ ሴት አሳዋሪ? ራሱ በአፉ አምኖ የለም እንዴ? እኔ የእርስዎ ጸሎት ይበቃኛል።»

«ማሪቱ፣ ስሚኝ። ያሳወራት እኔ ነኝ። ሕመሟን ነግራኝ ነበር፤ ዝም አሰኘኋት። ቡና አይደለም። ስሚኝ።»

ማሪቱ እያየቻቸው ዓይኗ እንባ ሞላ። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

«ይህን ትሕትናዎን ነው እኮ የምንወደው» አለች። ከዚያ በአንድ እጇ ግንባሯን ደግፋ፣ በሌላው ግድግዳውን እየያዘች ወደ ቤቷ ገባች፤ በሩንም ብርሃኑ እንዳይወጋት ዘጋችው።